ዋስትና በወረቀት ብቻ አይቅር

ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ የዋስትናዋን ዘመን ያስረዘምኩላት መኪናዬ፣ ዘመኑ ሳያልቅ ብሮንዚናዋ ተበልቶ ሞተሯ ተበላሸ። ሻጩ ኩባንያ ሞተሩን ከመለወጡ በፊት የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን ሁሉ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። አንዱ ስለ ጠፋብኝ ሦስት ወር ተመላለስኩ፤ ሞተሩ የተለወጠልኝ ጋራዡ የደረሰኙን ቀሪ ፈልጎ ከሰጠኝ በኋላ ነው።

ግዴታው በውሉ ተጽፎ ኖሯል። ተማሪዎቼን «ሳታነቡ አትፈርሙ» የምል መምህር እኔው ሳላነብ ፈርሜአለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ነገር ግን ይህን የመሰለ ግዴታ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል፣ ከውሉ ግርጌ መደበቁ ተገቢ ነውን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ሻጮች ግዴታውን በአማርኛ ጉልህ አድርገው ይጻፉ፤ እኛም ገዢዎች ውላችንን እናንብብ፣ ደረሰኛችንንም እንጠብቅ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ