ፕሮፌሰሩ የማንን ገንዘብ ይዘው ነው የሚያወሩት?

ወገን፣ የጂኤምኦ ዘር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ስንነታረክ እናመሻለን። አንዱ «ሳይንቲስቶች ችግር የለውም ብለዋል» ይላል፣ ሌላው «ሳይንቲስቶች አደገኛ ነው ብለዋል» ይላል። ሁለቱም ፕሮፌሰር ጠቅሰው ነው! ዛሬ ዘሩን እንተወውና ስለ ጠቀስናቸው ሰዎች እናውራ።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ስሙ። አንድ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በየመድረኩ ለጂኤምኦ ይከራከሩ ነበር፤ ከሞንሳንቶ ኩባንያ ጋርም ምንም ንክኪ እንደሌላቸው ይናገሩ ነበር። በመረጃ ነጻነት ሕግ ተጠይቆ ኢሜይላቸው ሲወጣ ግን ኩባንያው ለዚሁ ሳይንስን ለሕዝብ የማስረዳት ሥራቸው 25,000 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶ ኖሯል። ሰውየው ገንዘቡ ኪሴ አልገባም፣ አቋሜንም አልለወጠም አሉ። ሊሆን ይችላል። ታዲያ ቀድሞ መናገር ምን ገደለ?

«ይኸው፣ ብለን ነበር!» ብላችሁ ከመጨፈራችሁ በፊት ቆዩ። ስለ ጉዳዩ የወጣው የኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ ሌላኛውንም ወገን ነክቷል። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆነው ጂኤምኦን ሲተቹ የነበሩ ተመራማሪ ሥራቸው በኦርጋኒክ ምግብ ኩባንያዎች ገንዘብ ይደገፍ ነበር። እነዚያም ነጋዴ ናቸው፣ እነዚህም ነጋዴ ናቸው።

የስኳሩ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የልብ በሽታን ጣጣ ከስኳር አንስቶ ስብ ላይ የሚጭን ጽሑፍ በታዋቂ የሕክምና መጽሔት አወጡ። የስኳር ኢንዱስትሪው 6,500 ዶላር እንደከፈላቸውና ረቂቁንም አስቀድሞ እንዳየው ሕዝብ ያወቀው በ2016 ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? ያኔ መጽሔቱ ራሱ «ማን ከፈላችሁ?» ብሎ አያስገድድም ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ነበረን፤ በ2015 ላላ ተደርጎ ተሻሻለ፤ በ2018 ቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። እኔ በበኩሌ ዘሩን ከሚጠራጠሩት ነኝ፣ አልደብቅም። ነገር ግን ገንዘብ የተቀበለ ሁሉ ባንዳ አይደለም፤ እንዲህ እያልን ምሁር መስደብ ይብቃን። ላብራቶሪ በባዶ ኪስ አይሠራም፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን በጀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። በኩባንያ ገንዘብ የተሠራ ጥናት እውነት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ መደበቁ ነው፤ የከፈለው ሰው ካልታወቀ እኛ ሰሚዎቹ ንግግሩን በምን እንመዝነው?

እና ደግሞ፣ እስቲ እውነት እንነጋገር፣ እኛ አገር አበል የሌለው ወርክሾፕ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምግብ ውይይት ሲኖር እጃችሁን አውጡ። «ፕሮፌሰር፣ ለጥናቱ ማን ከፈለ? የዛሬውን ትኬትና አበልስ የሸፈነው ማነው?» በሉ፣ በትህትና። ከደገፋችኋቸው ሰው ጀምሩ፣ እሱ ነው የሚከብደው። ከመለሱላችሁ አመስግናችሁ ወደ ጥናቱ ግቡ። ከተቆጡ ጥያቄውን ድገሙት።