ደመወዝ የሌለው ማዕረግ

«ዘግይቶም ቢሆን ታሪክ ፈረደላት» የሚሉት ነገር አለ። የጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ የኤሚ ኖተር ስም በተነሣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ማስረጃውም ይደረደራል፦ በጨረቃ ጀርባ በስሟ የተሰየመ ጎድጓዳ ስፍራ፣ በኤርላንገን ከተማ በስሟ የሚጠራ ትምህርት ቤት፣ ለወጣት ተመራማሪዎች በስሟ የሚሰጥ የጀርመን የገንዘብ ድጋፍ። እሰየው! ለመሆኑ ግን በዚህ ፍርድ የተካሰው ማን ነው?

እስቲ መዝገቡን ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኖተር በ1907 ዶክትሬቷን ከያዘች በኋላ በትውልድ ከተማዋ በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠራች። በ1915 ዝነኞቹ ሊቃውንት ሂልበርትና ክላይን ወደ ጎቲንገን ጠሯት። ሴት ናትና የማስተማር ፈቃድ ተከለከለች። ስለዚህ ትምህርቱ በሂልበርት ስም ይታወጃል፤ የምታስተምረው እሷ ናት።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው በ1918 ዛሬ በስሟ የሚጠራውን ሕግ ያሳተመችው። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም አንድ በመሆኑ ኢነርጂ አይጠፋም፤ እዚህም እዚያም አንድ በመሆኑ ሞመንተም ይጠበቃል። ያለዚህ ሐሳብ የዛሬው ፊዚክስ አይታሰብም።

ፈቃዱ በ1919 ተገኘ። በ1922 «ፕሮፌሰር» ተባለች፤ ደመወዝ ግን የለውም። በማግሥቱ ዓመት አልጀብራ ስታስተምር ጥቂት ክፍያ ተቆረጠላት። ማዕረግ ሰጥቶ እንጀራ መንፈግ ማለት ይህ ነው።

በ1932 ከኤሚል አርቲን ጋር የአከርማን-ቶይብነርን ሽልማት ተካፈለች። በዚያው ዓመት በዙሪክ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ ከዋና ንግግር አቅራቢዎች አንዷ ሆነች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊት ናት ተብላ ተባረረች። ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሚያዝያ 14 ቀን 1935 በ53 ዓመቷ ዐረፈች። የጎቲንገን የሳይንስ አካዳሚ እስከዚያች ቀን ድረስ አባል አላደረጋትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው። በስሟ የሚደረገው መታሰቢያ ከንቱ ነው አላልኩም፤ ሒሳብ የምትወድ አንዲት ልጅ ይህን ስም ብትሰማ ልቧ ይደፋፈራል። ግን ስሙን ብቻ ሰጥተን ታሪኩን ከደበቅናት አታለልናት። ከሞት በኋላ የሚሰጥ ክብር የሰጪውን ኅሊና ያሳርፋል እንጂ የሟችን የደመወዝ ውዝፍ አይከፍልም።

እንግዲህ የአንድን ሊቅ የክብር ዝርዝር ስናነብ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ መቼ ተሰጠው? ያን ጊዜስ በምን ይኖር ነበር? መልሱ የሚያሳፍር ከሆነ ጭብጨባችንን ገታ አድርገን፣ ዛሬ በሕይወት ሳለ ያለ ደመወዝ የሚያስተምረውን ሰው እንፈልግ።