ተማሪው መንገደኛ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ ገጽ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ውጭ ምንዛሪ ማውሳት የተለመደ ነው። ዛሬ ግን በሒሳብ መዝገባችን ስሙ ስለማይገኝ አንድ ደንበኛ፣ ማለትም ደብተሩን ይዞ እርሻ ሊጎበኝ ስለሚመጣው ተማሪ፣ ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለነገሩ ምሳሌ የምትሆነን በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ኮስታ ሪካ ናት። እንደ እኛ ቡና አምራች ብትሆንም ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም። ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ወደዚያ ይጓዛሉ፤ የሚሄዱትም ለመዝናናት ብቻ ሳይሆን፣ በሞቃቱ የምድር ክፍል ደን ሳይጠፋ እንዴት እንደሚታረስ፣ እንግዳም አገር ሳያበላሽ እንዴት እንደሚስተናገድ ለመማር ነው። የሚያድሩበት ቤት፣ የሚመገቡት ምግብ፣ የሚሳፈሩበት መኪና፣ ለዘመድ ይዘውት የሚመለሱት የተቆላ ቡና ሁሉ ለአገሬው ነጋዴ ገቢ ነው።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያየው ደኑን ነው። ይህ ደን ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር ቆይቶ በ1980ዎቹ የአገሩን ሩብ ገደማ ብቻ ይሸፍን ነበር። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ግን ዛፉን ሳይቆርጥ ለሚጠብቅ ባለመሬት ገንዘብ እንዲከፈለው ደነገገ፤ ለዚህም በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ግብር ድርሻ ተመደበ። ዛሬ ደኑ ከአገሩ ግማሽ በላይ ይሸፍናል። በ1997 ደግሞ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ሆቴሎችን በውሃ አጠቃቀማቸው፣ በቆሻሻ አወጋገዳቸውና ለአካባቢው ሰው በሚሰጡት ጥቅም እየመዘነ የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ።

ሁለተኛው ትምህርት የቡናው ሒሳብ ነው። በ1961 በወጣው የቡና ሕግ መሠረት ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስረክብ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ቅድሚያ ክፍያም ያገኛል። ቡናው ከተሸጠ በኋላ የአገሩ የቡና ተቋም የመጨረሻውን ዋጋ ወስኖ በይፋ ያስታውቃል፤ የአጣቢውና የላኪው ትርፍም በሕግ የተወሰነ ነው። ይህ ለነጋዴው ቀንበር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መዝገቡ ግልጽ የሆነ ነጋዴ እንግዳ ቢመጣበት የሚደብቀው ነገር የለውም።

ሦስተኛም፣ በ1990 ሥራ የጀመረው አርዝ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ተማሪዎቹን ንግድ ያስተምራል። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ድርጅት ያቋቁማሉ፤ ተበድረው ይሠራሉ፤ ዕዳቸውን ከፍለው የቀረውን ትርፍ ይካፈላሉ።

በኮስታ ሪካ ሁሉም ነገር ሰምሯል አንልም። በአናናስ እርሻዎች ላይ ስለሚረጨው መድኃኒት ብርቱ ቅሬታ አለ፤ በባሕሩ ዳርቻም የመሬት ዋጋ ለተወላጁ የማይቀመስ እየሆነ ሄዷል። እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ እንዳይገፋ አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የይርጋ ጨፌ ቡና የሚበቅልበት የጌዴኦ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዚያ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ያድጋሉ። የያዩና የከፋ የቡና ደኖችም በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ታውቀዋል። ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን፣ ዕድሜ ልኩን ቡና ሲሸጥ ኖሮ የቡና ዛፍ በአበባው ያላየ ነጋዴ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የተገኘ ቡና በገበያው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ ማወቅ መፈለጉ አይቀርም። ዛሬ ማሳውን ለተማሪ ያላሳየ ላኪ ነገ ለገዢ ለማሳየት ይቸገራል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ላኪዎች በለቀማው ወራት የራሳችንን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቻቸው ይጋብዙ፤ የውጭውም እንግዳ በዚያው መንገድ ይከተላል። አስመጪዎች አነስተኛ የቡና መቁያና ማሸጊያ መሣሪያ ለገጠር ከተሞች ያቅርቡ። ባለሱቆችም የአካባቢውን ቡና፣ ማርና ቅመም በንጹሕ ዕቃ አሽገው ዋጋውን ጽፈው ይሽጡ። ከሁሉ በፊት ግን ማሳውን የሚያስጎበኘው ገበሬ ድርሻው በደረሰኝ ይከፈለው፤ ጥላውን ዛፍ አቁሞ እንግዳውንም ሆነ ቡናውን ያቆየልን እርሱ ነውና።