አሮጌ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፤

በመካከላችን አንድ ናፍቆት በርትቷል። መዝሙር የሚያቀናብሩ ወንድሞቻችን በተሰበሰቡ ቁጥር የሚያነሡት እርሱን ነው። «የዱሮው ፍሩቲ ሉፕስ ይሻል ነበር፤ ያን ጊዜ መዝሙር ነፍስ ነበረው፤ አዲሶቹ ሶፍትዌሮች መጥተው ሁሉን አበላሹት» ይላሉ። አንዳንዱም የአሮጌውን ስሪት ቅጂ እንደ ቅርስ በፍላሽ ይዞ ይዞራል፤ ለእርሱ ሲል የተጣለ ኮምፒውተር ያስጠግናል። ይህን ናፍቆት እቃወማለሁ። ስቃወመው ግን ለአዲሱ ጥብቅና ልቆም አይደለም፤ ናፋቂው የጠፋበትን ነገር ባልጠፋበት ቦታ ሲፈልግ ስለማይ ነው።

እኔም ከናፋቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። የመዝሙር ክፍላችን የነበረችው አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። በሥራ መካከል ቀጥ ትልብን ስለነበር ከቀረጻ በኋላ እናርመዋለን የሚል ተስፋ አልነበረንም። ስለዚህ አንዱን መዝሙር ለሳምንታት እናጠናለን፤ ግጥሙን በቃል፣ ዜማውን በልብ እንይዛለን። ከዚያም ሁላችን በአንድ ማይክሮፎን ፊት እንቆማለን። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዛሬ ዘማርያኑ በየተራ ይመጣሉ፤ አንዱ አንድ ስንኝ ብሎ ይሄዳል፤ አዝማቹ አንድ ጊዜ ተቀርጾ አራት ቦታ ይለጠፋል። አንዲት እህታችን ድምፅዋ እንደ ተንሸራተተ ተሰምቷት «ልድገመው?» ብትል «ግድ የለም፤ እኛ እናስተካክለዋለን» ተባለች። ጉዳት መድረሱን አልክድም። ነገር ግን የናፈቀን ምን እንደ ሆነ እንመርምር። የናፈቁን እነዚያ የጥናት ሳምንታትና አብሮ መቆሙ ናቸው። ፕሮግራሙ እነዚህን አልሰጠንም፤ ድካማችንን ሊተካ የሚችል አቅም ብቻ አልነበረውም።

አሮጌው ሶፍትዌር በእርግጥ ምን ነበር? ፍሩቲ ሉፕስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ቤልጅየም ውስጥ ኢሜጅ ላይን በተባለ ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ስሙ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ተባለ። በመጀመሪያ ሲሠራ ምት መደርደሪያ ነበር፤ በአንድ ረድፍ 16 ካሬዎች ተሰጥተውት ከሞላናቸው ካሬዎች ላይ እየመታ ያንኑ ይደጋግማል። በካሬና በካሬ መካከል ያለው ጊዜ በሰዓት የተለካ ነው፤ አይረዝምም፣ አያጥርም።

አሁን ወደ ማሕሌታችን ተመልከቱ። በአቋቋም ሥርዓት አስቀድሞ ቁም አለ፤ ያለ ከበሮ ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜው በመቋሚያ ይወዛወዛል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግዱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ እየፈጠነም ይሄዳል፤ በጽፋቱ ጭብጨባው ተጨምሮ ይፋጠናል። ከበሮ መቺው ሰዓት አያይም፤ የሊቃውንቱን ጉልበትና ትከሻ ያያል፤ ሲያነሡ ያነሣል፣ ሲመልሱ ይመልሳል። እኛ ግን «ነፍስ ነበረው» በምንለው ዘመን አንድ ጊዜ የተቀዳ የከበሮ ድምፅ በ16 ካሬ ውስጥ አሥረን፣ ዘማርያኑ ሰዓቱን እንዲከተሉ አስገደድናቸው። ጠፍሩ የጌታችን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው ብለን ለሕፃናት የምናስተምርለት ከበሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። ይህን ስሕተት የሠራነው በአሮጌው ስሪት ነው።

ሌላው ክስ በድምፅ ማቃኛው ላይ ነው። ኦቶ ቱን የተባለውን መሣሪያ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ አስቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የሚውል የምድር ውስጥ ሞገድን በሒሳብ ይመረምር የነበረ ሰው ነው። መሣሪያው የዘፋኙን ድምፅ ለክቶ በቅርብ ወዳለው የተወሰነ እርከን ይስበዋል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማረ ሰው ጉዳቱን ወዲያው ያውቀዋል። ምልክቶቻችን ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት እያሉ ድምፅ በእርከኖች መካከል የሚያልፍበትን መንገድ ያስተምራሉ፤ ለማቃኛው ግን ይህ መንገድ ሁሉ የሚስተካከል ጉድለት ነው። ክሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ መቼ ወጣ? እ.ኤ.አ. በ1997፤ ፍሩቲ ሉፕስ በወጣበት በዚያው ዓመት! ነፍስ ነበረው የምንለውና ነፍስ አጠፋ የምንለው እኩዮች ናቸው። እንግዲህ ዱሮ የምንለው የትኛውን ነው?

ልንናገረው የሚያሳፍረን ሌላም ነገር አለ። ያ የምንናፍቀው ቅጂ ከየት መጣ? አብዛኞቻችን ጋር የደረሰው መቆለፊያው ተሰብሮ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው፣ ዋጋው ያልተከፈለበት ነው። ጾመን፣ ጸልየን፣ ነጠላችንን አጣፍተን በሰው ንብረት ላይ ምስጋና ቀረጽን። ቅዱስ ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ውሰድ ሲባል ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብን እንቢ ብሎ ገንዘቡን መዘነ። እኛ ግን ያልከፈልንበትን «በረከት ያለው» ብለን እናስታውሰዋለን። እስራኤልም በምድረ በዳ የግብፅን ዱባና ሽንኩርት አስበው ሲያለቅሱ ባርነቱን ረስተውት ነበር። የናፍቆት ጠባዩ ይህ ነው፤ ጣዕሙን ያስቀራል፣ ሰንሰለቱን ያስረሳል።

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን የቀደመውን መንገድ ፈልጉ አትልምን?» የሚለኝ ይኖራል። ትላለች። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 6 የቀደመችውን መልካም መንገድ ጠይቀን እንድንሄድባት ያዝዛል። መጽሐፈ መክብብ ደግሞ በምዕራፍ 7 ያለፈው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን የጥበብ ጥያቄ አይደለም ይላል። ሁለቱ አይጣሉም። አንደኛው የሚሄድበትን ሰው ይጠራል፤ ሁለተኛው ተቀምጦ የሚተክዘውን ይገሥጻል። አሮጌና ጥንታዊ ይለያያሉ፤ አሮጌ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ጥንታዊ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ዛሬም የሚሠራ ነው። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ የሌለውን ፕሮግራም ጥንታዊ ለማለት የደፈርነው እኛ የደብረ ታቦር ልጆች መሆናችን ነው የሚያስደንቀው!

የምንኖረው የት እንደ ሆነ እናስተውል። በደብረ ታቦር ኢየሱስ የተክሌ አቋቋም ይሰጣል። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር፣ በዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር አለ። ከሩቅ አገር ደቀ መዛሙርት ቁራሽ እየለመኑ፣ በጎጆ እያደሩ ለዓመታት የሚማሩት እኛ በእግር ልንደርስበት የምንችለውን ነው። ደግሞም አስቡት፤ የተክሌ አቋቋም ራሱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዲስ ነበር። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ጀመሩት፤ በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም ተጠራ። አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን ጸና? የጀመረው ሰው የቀደመውን ጠንቅቆ የተማረ ስለ ነበረ፣ ከእርሱም በኋላ የተማሩት አካላቸውን አድክመው ስለ ተቀበሉት ነው። አዲስነቱ አልጎዳውም፤ የተማረ ሰው ተሸክሞታልና።

አገራችን ከመሣሪያም ጋር ጠብ የላትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ ከከተማችን አጠገብ በጋፋት ነው። መዝሙር በስልክ እስከ ገጠር ቀበሌ፣ በስደት እስካለው ወገናችን ድረስ መድረሱም ትልቅ ጸጋ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ጣሉ አልልም። የምለው ይህ ነው፤ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር ዋጋ ክፈሉ፣ ካልቻላችሁም በነጻ የተፈቀደውን ውሰዱ። ያላጠናችሁትን አትቅረጹ። አብራችሁ ቆማችሁ ዘምሩ፤ ከበሮውን ሰው ይምታው፤ የሰዓቱን ምት አጥፉት። ማቃኛውን ከድምፃችሁ ላይ አንሡት፤ ድምፅ ከሳተ ይደገም። ይህ ሁሉ በአዲሱም በአሮጌውም ስሪት ይቻላል፤ አንዱም የተለየ ኮምፒውተር አይጠይቅም።

ለመዝሙር ክፍል ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። አሮጌ ኮምፒውተር ለማስጠገን ገንዘብ ልታወጡ ስታስቡ፣ ያንኑ ገንዘብ ይዛችሁ ሁለት ወጣቶችን ወደ መሪጌታው ላኩ። አንድ ዓመት ይቀመጡ፤ መቋሚያ መያዝ፣ ጸናጽል ማንሣት፣ ከበሮ መምታት ይማሩ። ተመልሰው ሲመጡ በየትኛው ስሪት እንደምትቀርጹ መከራከር ትተዋላችሁ። ሊቃውንቱ እያረጁ ነው፤ የአሮጌው ፕሮግራም ቅጂ በሺህ ፍላሾች ውስጥ ይገኛል፤ የአንድ መምህር ዕውቀት ግን ከደረቱ ሳይቀዳ ከተቀበረ የሚመልሰው የለም። ናፍቆታችሁን ለእርሱ አድርጉት፤ እርሱ ገና በሕይወት አለና፣ በሩም ክፍት ነው።

የአባቶቻችንን ዜማ በአካላችንና በልባችን ተሸክመን ለልጆቻችን እንድናደርስ አምላከ ቅዱስ ያሬድ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።