ቆርኪውም ስልኩም በመምህሩ እጅ ይግቡ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ደብተሩን ይዞ ተጠጋኝና «ጋሼ፣ እቺን ያሳዩኝ» አለኝ። ጥያቄው አጭር ነው፤ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ የትኛው ይበልጣል?

«አንተስ የትኛው ይመስልሃል?» አልኩት።

«አንድ አራተኛ።»

«ለምን?»

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ነዋ!»

እናቱ ለቡና ቁርስ ያቀረበችውን አምባሻ እየቆረሰች ነበር። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄን አምባሻ ለሦስት ሰው እኩል ባካፍለውና ለአራት ሰው ባካፍለው፣ መቼ ነው ትልቅ የሚደርስህ?» አለችው። «ለሦስት ስታካፍይው ነዋ እማዬ!» አለና ዝም አለ። አምባሻውን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ከዚያ ላጲሱን አነሳ።

እኔ ለመናገር የተዘጋጀሁበትን ማብራሪያ ዋጥኩት። የጋራ አካፋይ ምናምን ልል ነበር። ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም፤ ማካፈልንም ከቤቱ ያውቀዋል። ያላወቀው ደብተሩ ላይ ያለው ምልክትና ሞሰቡ ላይ ያለው ቁራሽ አንድ ነገር መሆናቸውን ነው። ይህን ያገናኘለት ሰው አልነበረም።

ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ ባልሆነ። ነገር ግን ውጤቱን በየዓመቱ በአገር ደረጃ እያየነው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መሻሻል አለ፤ ያም ሆኖ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ ግማሹን አያገኝም ማለት ነው። እርግጥ ውጤቱ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ይሁንና ሒሳብን የተፈጥሮ ሳይንሱም የማኅበራዊ ሳይንሱም ተማሪ ይፈተነዋል፤ የሚማረውም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ስለ ፈተናው እንከራከራለን። ልጁ መንገዱን የሳተበትን ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እስቲ አንድ የሩቅ አገር ጥናት ላንሳ። በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሦስት ተመራማሪዎች፣ ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን፣ በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በገበያና በመንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ልጆቹ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ እንደ ገዢ ቀርበው ዋጋ ያሰሏቸው ነበር። ልጆቹ ከተጠየቁት 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ቆየት ብለው ያንኑ ስሌት በትምህርት ቤት ወግ፣ በቁጥርና በምልክት ብቻ አቀረቡላቸው። ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ቁጥሩም ከዚያው የተወሰደ ነው።

ከልጆቹ አንዱ የአንድ ኮኮናት ዋጋ 35 ሆኖ አሥር ሲገዛ ስንት እንደሚሆን ተጠየቀ። በ35 ላይ ዜሮ መጨመር የሚባለው ዘዴ አልታየውም። የሦስቱን ዋጋ 105 ያውቃል። 105ን ሦስት ጊዜ ደምሮ 315 አደረሰ፤ የቀረችውን አንዲት ኮኮናት ጨምሮ 350 አለ። ይህ ሒሳብ አይደለም የሚል ካለ ይምጣ።

የእኛም ከተማ ልጅ እንዲሁ ነው። ቆሎ የሚሸጠው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ታክሲ ላይ የሚያግዘው ልጅ መልስ ሲሰጥ አይሳሳትም። ክፍል ገብቶ «52 ሲቀነስ 27» ሲባል ግን 35 ብሎ ይጽፋል። ከሁለት ላይ ሰባት አልቀነስ ሲለው ገለበጠውና ከሰባት ላይ ሁለት ቀነሰ። መምህሩ «ከጎረቤት ተበደር» ይለዋል። ልጁ ግን ምን እንደሚበደር፣ የተበደረው «አንድ» ድንገት አሥር የሚሆነው ለምን እንደሆነ አይገባውም።

እዚህ ላይ ስንጥር ያስፈልጋል። አሥር አሥር ሆኖ በክር የታሰረ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ስንጥር፣ በድምሩ 52፣ ልጁ ፊት ይቀመጥ። «27 ስጠኝ» ይባል። ሁለት እስር ይሰጣል፤ ሰባት ነጠላ ግን የለውም። ምን ያደርጋል? ማንም ሳይነግረው አንዱን እስር ይፈታል። መበደር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ልጁ በእጁ የሠራው ነገር ማስታወሻ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱና በየግቢው ሞልቷል። ገበጣ ጠጠርን እኩል ማከፋፈልንና ቀድሞ ማሰብን ያስተምራል። ስኒ፣ ጣሳና ምጣድ ዙሪያቸው በሲባጎ ቢለካና ያው ሲባጎ በመሃል አሻግሮ ቢዘረጋ፣ በሁሉም ላይ ሦስት ጊዜ ደርሶ ጥቂት ይተርፋል። ፓይ የተባለው ቁጥር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምጣድ ተገኘ ማለት ነው። ባንዲራ መስቀያ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ የለም። አንድ ሜትር የሆነ በትር ጥላው ግማሽ ሜትር በሆነበት ሰዓት የመስቀያው ጥላ አራት ሜትር ከሆነ፣ ቁመቱ ስምንት ሜትር ነው። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም።

የግድግዳ ካላንደራችንም የሒሳብ መሣሪያ ነው። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ይባላል። 2018ን ብንሞክር ድምሩ 7518 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው። ቀሪው 3 በሚሆንበት ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። «ቀሪ» ምን ይሠራል ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

አሁን መምህራኑ የሚሉትን ልስማ። የመጀመሪያው «ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ ይዤ በምን ቆርኪ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በመመዘኛው መሠረት የአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ መያዝ ሲገባው ብዙ ቦታ ከዚያ ያልፋል። ግን ደግሞ 60 ልጅ አምስት አምስት ሆኖ ቢቀመጥ 12 ቡድን ነው። ለአንዱ ቡድን 30 ቆርኪ ቢደርስ በጠቅላላው 360 ቆርኪ ነው። ይህን የሰፈር ግሮሰሪ በሳምንት ያጠራቅመዋል፤ ወጪው ዜሮ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል፤ «ፖርሽን አያልቅልኝም» የሚለው ነው። መምህሩ የሚጠየቀው ምዕራፉን ስለመጨረሱ እንጂ ልጁ ስለመረዳቱ ካልሆነ፣ ስንጥር የሚፈታ ልጅ ለመጠበቅ ጊዜ አይኖረውም። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። ልጆቹ ያልያዙት ምዕራፍ «አለቀ» ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ ግን ዕዳው ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል፤ እየተጠራቀመ ሄዶ 12ኛ ክፍል ላይ ይፈነዳል።

ሦስተኛው «ቆርኪ እየቆጠሩ እስከ መቼ?» የሚል ነው። ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቆርኪ ጨዋታ ሆኖ ከቀረ አይጠቅምም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር መረዳት በሦስት እርከን እንደሚያድግ አስተምሯል፤ በእጅ መሥራት፣ ከዚያ በሥዕል ማየት፣ ከዚያ በምልክት ማሰብ። በዓለም አቀፍ የሒሳብ ምዘና ከፊት የማትጠፋው ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሒሳብ ትምህርቷን በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ሠርታለች። ስለዚህ ቆርኪው መነሳት አለበት፤ ግን ልጁ በቃኝ ሲለው ነው። እኛ ሁለቱን እርከን ዘለን በቀጥታ ሦስተኛው ላይ እንወጣለን።

ይህን ስል «በዚህ በኢንተርኔት ዘመን ስለ ስንጥር ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኢንተርኔቱም ይምጣ። ነገር ግን ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያችን አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የማያስታውስ የለም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በተወሰነለት ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ሊለው አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው። መምህሩም ሲከፈት ማስተዋወቅ፣ ሲዘጋ ማጠቃለል ሆነ ሥራው። መሣሪያው ውድ ነበር፤ ዘመናዊ ነበር። የጎደለው ልጁን አይቶ ፍጥነቱን የሚቀይር ሰው ነው። ያ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ግን ገለል እንዲል ተደርጓል።

ዛሬ ያለው የኢንተርኔት ሀብት ከፕላዝማ የሚለይበት ነገር መቆም፣ መደገምና በመምህሩ ፍጥነት መሄድ መቻሉ ነው። ብዙውም በነፃ ነው። ካን አካዳሚ ከመቁጠር እስከ ካልኩለስ ትምህርትና መልመጃ አለው። በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርኩስ ሆሄንቫርተር በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ጂኦጀብራ ቅርጽና ግራፍ ያንቀሳቅሳል። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ፌት ደግሞ ክፍልፋይንና ሚዛንን በጨዋታ መልክ ያሳያል። ጂኦጀብራና ፌት አንዴ ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ኮሊብሪ የሚባለው ሥርዓት ሲዘጋጅ ጀምሮ ኢንተርኔት ለማይደርስበት ትምህርት ቤት ታስቦ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቴሌግራም መጽሐፍና ማስታወሻ ማከፋፈያ እንደሆነም አይተናል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት የሚለውን ሕልም ግን ለጊዜው እንተወው። ትምህርቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። መሃል ላይ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ተርጓሚው መምህሩ ነው። መምህሩ ማታ ወይም ዋይፋይ ባገኘበት ሰዓት፣ ክፍልፋይን ሌላ አገር ያለ ባልደረባው እንዴት እንዳስተማረ አሥር ደቂቃ ይመልከት። ጠዋት ክፍል ገብቶ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይተወውና አምባሻ ይቁረስ። አንድ ስልክ ለ60 ልጅ የሚበቃው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስክሪኑ ራሱ ለተማሪ መታየት ያለበት በእጅ ለማይያዝ ነገር ነው። አንድ ቁጥር ስትቀይር ኩርባው ሲሰፋና ሲጠብ ማየት በሲባጎ አይቻልም፤ በጂኦጀብራ ይቻላል። ሰባትን ለሁለት ቡድን ማካፈልን ለማስተማር ግን ስክሪን ማብራት ጠጠር እያለ ባትሪ መጨረስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በብዙ ትምህርት ቤት «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚባል ክፍል አለ። አንዳንዱ ቦታ ቁልፉ የሚወጣው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ነው። እዚያ የተደረደረው መርጃ መሣሪያ ለእንግዳ የሚታይ እንጂ ልጅ የሚነካው አይደለም። በሩ ይከፈት። ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኙት የጉድኝት ማዕከላትም አሉ። መምህራን በሁለት ሳምንት አንድ ከሰዓት እዚያ ተገናኝተው፣ ያወረዱትን አይተው፣ ቀጣዩን ምዕራፍ በምን ቁሳቁስ እንደሚያስተምሩ ይስማሙ። ያ ከሰዓት በሥራ ሰዓትነት ይመዝገብላቸው። ኑሮው የከበደበትን መምህር በገዛ ጊዜውና በገዛ የኢንተርኔት ጥቅሉ ሥራ ፍጠር ማለት ግፍ ነው። ሱፐርቫይዘሩም «ስንተኛ ገጽ ደረስክ?» ከማለቱ በፊት አንድ ልጅ አስነስቶ «እንዴት አገኘኸው?» ይበል።

ወላጆችም የራሳችን ድርሻ አለን። «ሒሳብ አልችልም» የሚለው ቃል በየቤታችን ከእናትና ከአባት አፍ ነው የሚወጣው። ያቺ ጎረቤቴም ትምህርት አልሆነልኝም ነው የምትለው። ከእኔ በፊት ግን አንድ ሦስተኛን ለልጇ ያስተማረችው እሷ ናት።