የካሊፎርኒያ ሕዝብ የቆረጠው ግብር ዞሮ በተከራዩ ነጋዴ ላይ ይመጣል

በካሊፎርኒያ ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት ብቻ አይደለም። በቂ ፊርማ ያሰባሰበ ዜጋ ወይም ማኅበር የግብር ሕጉን፣ አልፎ ተርፎም የሕገ መንግሥት ማሻሻያውን በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ያቀርባል። መራጩ በምርጫ ቀን «ፕሮፖዚሽን» ተብሎ ቁጥር በተሰጠው በእያንዳንዱ ሐሳብ ላይ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይላል። ይህ የፖለቲከኛ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ሒሳቡን ገና አልሠራም ማለት ነው።

መራጩ በጭፍን አይወስንም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከ100 ቃላት ያልበለጠ ርዕስና ማጠቃለያ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመው የምክር ቤቱ ተንታኝ ቢሮም ሐሳቡ ቢጸድቅ የስቴቱና የከተሞች ካዝና ምን ያህል እንደሚጎድል ወይም እንደሚሞላ ያሰላል። ይኸው ስሌት ታትሞ ለመራጩ ይታደላል። ሥርዓቱ መልካም ነው። ጉድለቱ ግን የመንግሥትን ኪስ ቆጥሮ የገበያተኛውን ኪስ ሳይቆጥር ማለፉ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እ.ኤ.አ. ሰኔ 1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 ነው። የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ይንር ስለነበር፣ በጡረታ የሚኖሩ ሰዎች የገዛ ቤታቸውን ግብር መክፈል አቅቷቸው ነበር። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የመሩት ዘመቻ ከመቶ 65 ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ቢበዛ ከመቶ ሁለት ብቻ እንዲጨምር ተደነገገ። ንብረቱ ሲሸጥ ግን ግምቱ እንደ አዲስ በገበያ ዋጋ ይሠራል።

የታተመው ግምት የአካባቢ መንግሥታት በመጀመሪያው ዓመት 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያጡ ተናግሮ ነበር። የንብረት ግብር ገቢያቸው እውነትም ከግማሽ በላይ ወደቀ። ስቴቱ ካጠራቀመው ትርፍ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አውጥቶ ደገፋቸው፤ ከዚያ ወዲህ የከተሞችና የትምህርት ቤቶች በጀት ዓይኑን ወደ ሳክራሜንቶ አዞረ። እስከዚህ ድረስ ተንታኞቹ አልተሳሳቱም።

ያልተጻፈው ነገር ወዲህ ነው። ለምሳሌ አንድ የንግድ ሕንፃ ከ40 ዓመት በፊት በ300 ሺህ ዶላር ተገዝቶ ነበር እንበል። በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ቢጨመርበት ዛሬ የሚገመተው 662 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ መሠረታዊ ግብሩ 6 ሺህ 600 ያህል ይሆናል። ባለቤቱ በ3 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጠው ግብሩ በአንድ ጊዜ ወደ 30 ሺህ ይወጣል። ግድግዳው ያው፣ ጣሪያው ያው፣ የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው።

ይህ አድልዎ ነው ተብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። ኖርድሊንገር በሚል መዝገብ በቀረበው ክስ፣ በሎስ አንጀለስ አዲስ ቤት የገዛችው ከሳሽ ተመሳሳይ ቤት ካላቸው የቆዩ ጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ያህል ትከፍል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በ8 ለ1 ድምፅ ሕጉን አጸናው። ስለዚህ የግዢው ዘመን ግብርን መወሰኑ ሕጋዊ ሆኖ ጸንቷል።

የሚጎዳው ገዢው ብቻ ቢሆን «አውቆ ገባበት» ይባል ነበር። ዳሩ ግን በአሜሪካ ብዙ የሱቅ ኪራይ ውሎች የንብረት ግብርን፣ መድንንና ጥገናን ወደ ተከራዩ ያስተላልፋሉ። ሕንፃው ተሸጦ ግብሩ ከ23 ሺህ ዶላር በላይ ሲያድግ፣ ውሉ እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ የሚወርደው ሳይሸጥ ሳይገዛ ባንኮኒው ላይ በቆመው ነጋዴ ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው ሰፈር ምግብ ቤት ወይም የቅመም መደብር ለመክፈት የሚያስብ ወገን ወርኃዊ ኪራዩን ብቻ አይቶ ከፈረመ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል።

ትልልቆቹ ደግሞ መውጫ አላቸው። ሕንፃው በኩባንያ ስም ከተያዘ እንደ አዲስ የሚገመተው በጥቅሉ አንድ ባለ ድርሻ ከመቶ 50 በላይ ሲይዝ ነው። ድርሻውን ተከፋፍለው የሚገዙ ባለሀብቶች የድሮውን ግምት ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ትንሹ ገዢ ይህን የሚያቀናብርለት የሕግ ባለሙያ ከየት ያመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበው ፕሮፖዚሽን 15 የትልልቅ ንግድ ንብረቶችን ግምት ወደ ገበያ ዋጋ ለመመለስ ያለመ ነበር። ተንታኙ ቢሮ ሲረጋጋ በዓመት ከ6.5 እስከ 11.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስገኝ ገመተ። ተቃዋሚዎቹ «ጭማሪው በተከራዩ ላይ ይወርዳል» ብለው ሞገቱ፤ ሐሳቡም 48 ለ52 ወደቀ። ሙግታቸው ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ተከራዩ ሕንፃው በተሸጠ ቁጥር ያንኑ ጭማሪ ዛሬም እንደሚከፍል አልነገሩትም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እያንዳንዱ የስቴት ግብር ጭማሪ በሕዝብ ድምፅ እንዲጸድቅ የሚጠይቅ ሐሳብን «ይህ ማሻሻያ ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን ከሥሩ መለወጥ ነው» በማለት ገና ድምፅ ሳይሰጥበት ከምርጫ ወረቀቱ አስወጥቶታል። እንግዲህ ፊርማ ተሰበሰበ ብሎ ገንዘቡን በዚያ ላይ የሚያቅድ ባለሀብትም ይጠንቀቅ።

የሚበጀው ቢሮው ከካዝናው ግምት ጎን ለገዢና ለተከራይ የሚሆን አንድ የሒሳብ ምሳሌ ቢያትም ነው። እስከዚያው ነጋዴው ራሱን ይጠብቅ። ከመፈረሙ በፊት ሕንፃው መቼ እንደተገዛ፣ ዛሬ በስንት እንደሚገመት፣ ባለቤቱም ለመሸጥ ያስብ እንደሆነ ይጠይቅ። በሽያጭ ምክንያት የሚመጣው የግብር ጭማሪ በእሱ ላይ እንዳይወርድ ውሉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ያስገባ። ይህችን ዐረፍተ ነገር የሚያስገቡ ተከራዮች አሉ፤ ያላስገባው ግን በማያውቀው ሽያጭ ዕዳ ከፋይ ይሆናል።