ለፎቶ ቤት የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥና ስለ መሸጥ

ፎቶግራፍ አንሺ ፊልሙን በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ያጥብ የነበረበት ዘመን አልፎ፤ ዛሬ የሠርጉም፤ የልደቱም፤ የንግድ ማስታወቂያውም ፎቶግራፍ የሚታረመው በኮምፒዩተር ላይ ነው። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፤ የፎቶ ቤት ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የካሜራና የወረቀት ነጋዴ ብቻ ሆኖ መቆየት አልቻለም። ከኮምፒዩተሩም ክፍሎች መካከል ገዢውን ይበልጥ የሚያደናግረው፤ ዋጋውም ይበልጥ የሚከብደው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው።

የፎቶ ቤት ባለቤት ወደ ሱቅ ገብቶ «ለፎቶሾፕ የሚሆን ጠንካራ ማሽን» ብሎ ሲጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ለጌም የተሠራ፤ ባለ ሦስት ማራገቢያ፤ በቀለም መብራት የሚያብለጨልጭ ካርድ ነው። መብራቱ ሣጥኑን ያደምቃል እንጂ ፎቶግራፉን አያደምቅም። ጌም በየሰከንዱ ስልሳ ጊዜና ከዚያም በላይ አዲስ ሥዕል ስለሚጠይቅ ካርዱን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ፎቶግራፍ ግን ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። ፎቶሾፕ በካርዱ መገልገል የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ.፤ ላይትሩም ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን፤ እስከ ዛሬም ድረስ የአብዛኛውን ሥራ ሸክም የሚሸከሙት ፕሮሰሰሩና ራሙ ናቸው።

ነጋዴ ሒሳብ ያውቃልና ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሣው ፎቶግራፍ 24 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፤ እያንዳንዱም ቀለም በ16 ቢት ሲሠራ ሁለት ባይት ይይዛል። ተባዝቶ ሲታይ አንዱ ሌየር ብቻ 144 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ሠራተኛው አሥር ሌየር ቢደራርብ ወደ አንድ ጊጋባይት ተኩል ይጠጋል፤ ፕሮግራሙም የቀደሙትን የሥራ ደረጃዎች ጭምር ስለሚያስቀምጥ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ራሙ ሲሞላ የተረፈው ወደ ዲስኩ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የትልቅ ካርድ ባለቤትም ቢሆን እጁን አጣጥፎ መጠበቁ አይቀርም። የፕሮግራሙ ባለቤት አዶቢ ራሱ ለፎቶሾፕ 16 ጊጋባይት ራም ይመክራል፤ ከካርዱ ግን የሚጠይቀው ማስታወሻ ቢያንስ 1.5 ጊጋባይት፤ ባለ 4ኬ ስክሪን ለያዘ ሰውም 4 ጊጋባይት ነው። እንግዲህ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ውድ ካርድ ተክሎ ለፎቶ ቤት መሸጥ፤ በከሳ በቅሎ ላይ የወርቅ ኮርቻ እንደ መጫን ያለ ነው።

ይሁንና ካርድ ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ላይትሩም በጨለማ ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ብናኙን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠራ መሣሪያ ይዞ ቀርቧል። ይህ መሣሪያ የሚተማመነው በካርዱ ላይ ሲሆን፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ካርድ ይመከራል። ከአንድ ሠርግ 300 ፎቶግራፍ የሚያጠራ ባለሙያ፤ አንዱ 20 ሰከንድ ቢፈጅበት ሁሉንም በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል፤ አንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅበት ግን 25 ሰዓት ይጠብቃል። ሙሽሮቹ አልበማቸውን በቀጠሮው ቀን ማግኘታቸው ወይም አለማግኘታቸው በዚህ ይወሰናል።

ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የገዢውን ሥራ መጠየቅ ይገባዋል። የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃዋል። ለሠርግ ባለሙያ እንደ አርቲኤክስ 4060 ያለ ባለ 8 ጊጋባይት መካከለኛ ካርድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቪዲዮ ለሚያቀናብርና አኒሜሽን ለሚሠራ እንጂ ለፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። «ካርዱ ቀለም ያሳምራል» የሚባለውም ወሬ ብቻ ነው፤ የቀለም እውነተኛነት የሚገኘው ከደኅና ሞኒተርና ከትክክለኛ ማስተካከያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የንግዱን ማኅበር ሊያሳስብ የሚገባው ግን በአንድ ስም የሚሸጡ የተለያዩ ዕቃዎች ነገር ነው። ይህ ጉድለት ከፋብሪካዎቹ ይጀምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይትና ባለ 6 ጊጋባይት ሆኖ ሲቀርብ፤ የማስታወሻው ብቻ ሳይሆን የማስሊያ ክፍሎቹም ቁጥር ይለያይ ነበር፤ አንዱ 1152፤ ሌላው 1280። አርቲኤክስ 4070 በጠረጴዛ ኮምፒዩተር 12 ጊጋባይት ሲኖረው፤ በላፕቶፕ ግን በዚያው ስም 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ስሙን አይቶ ይከፍላል፤ የሚያውቅና ዝም የሚል ሻጭስ ምን ይባላል?

ከዚህም የባሰ አለ። የአሮጌ ካርድን የውስጥ ፕሮግራም ለውጠው፤ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የነበረውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል አድርገው የሚሸጡ አታላዮች በዓለም ገበያ ታይተዋል። ይህን የመሰለውን ለመለየት ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለግላል፤ ሥራውም የደቂቃዎች ነው። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱ ሲቀር፤ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በብዛት ለሽያጭ ወጥተዋል። ታጥበውና ተወልውለው በአዲስ ካርቶን ሲቀርቡ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ አንድ ካርድ በብር የሚያስከፍለው ገንዘብ እጅግ ከፍ ብሏል። ስለሆነም ቀድሞ ትንሽ ኪሣራ ይመስል የነበረው የምርጫ ስሕተት ዛሬ የአንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት የብዙ ወር ገቢ ሊሆን ይችላል። አስመጪውም ቢሆን በሰነዱ ላይ «ግራፊክስ ካርድ» ብሎ ማዘዙ አይበቃውም፤ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥርና የማስታወሻውን መጠን፤ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን ጭምር አስጽፎ፤ ዕቃው ሲደርስ ከየካርቶኑ ጥቂቱን አውጥቶ ሊፈትን ይገባዋል። የኤሌክትሪኩም ነገር አይዘነጋ፤ 115 ዋት የሚወስድ ካርድና 450 ዋት የሚወስድ ካርድ የሚፈልጉት ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ አንድ አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህንኑ በደረሰኝ ላይ መፈጸም አያስቸግርም፤ ሙሉ ሞዴሉ፤ የማስታወሻው መጠን፤ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፤ የዋስትናውም ጊዜ ቢጻፍ ይበቃል።

አንዳንድ ባለሱቆች «ያገለገለ» ብሎ መጻፍ ገዢ ያሸሻል ይላሉ። ለአዲሱ ዋጋ ቢጠየቅበት በእርግጥ ያሸሻል። በተገቢው ዋጋ ከቀረበ ግን፤ ካሜራ ተበድሮ ሥራ የጀመረው ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈልገው ይህንኑ ካርድ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አዲሱን ሊገዛ ሲመጣም የሱቁን በር ያውቀዋል።